የይትባረክን ስም የያዘው ሰው

ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት ያለው የይትባረክ ገድሉ ቤት በሩ አንድ ነው፤ ቁልፉ ግን ሦስት። ጎረቤቱ ሁሉ «ይህ ሰውዬ ምን ቢደብቅ ነው?» እያለ ሲያማው ኖሯል። ምንም አይደብቅም። አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ አንድ ስካነር፣ ጠርዙ የተበላ የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ ከዚያ በተረፈ እንደማንኛውም ሰው አልጋና ድስት ነው ያለው። ሌባ ቢገባ አዝኖለት የሚወጣበት ቤት ነው።

ነገሩ ከአባቱ የመጣ ነው። ቄሰ ገበዝ ገድሉ ከጣና ደሴቶች በአንዷ የብራናውና የንዋየ ቅድሳቱ ጠባቂ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የሚቆለፈው በሦስት ቁልፍ ነው፤ ሦስቱን ቁልፎች ሦስት ሰዎች ይይዟቸዋል፤ ሦስቱ ካልተገናኙ በሩ አይከፈትም። አንዱ ቢታለል ሁለቱ አሉ፣ ሁለቱ ቢታለሉ አንዱ አለ ማለት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ደህና ሥርዓት ነው። ልጃቸው ግን ሥርዓቱን ወደ ከተማ ይዞት መጣና ሦስቱንም ቁልፍ በራሱ ኪስ ከተታቸው።

ከዚያ ወዲህ ማንንም አምኖ አያውቅም ብንል አላጋነንም። ሱቅ ሄዶ ስኳር ሲያስመዝን ዓይኑ ከሚዛኑ አይነቀልም። ባጃጅ ሲሳፈር ቦርሳውን በጉልበቶቹ መካከል ያደርግና በዚያ ላይ በሁለት እጁ ይይዘዋል። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘለት ለሌላ ሐኪም ያሳያል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ደግሞ «ተነጋግረው ነው» ይላል። ሚስቱ ቃልኪዳን መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። «እኔን እንዴት ደፍረህ እንዳገባኸኝ እግዜር ይወቅ» ትለዋለች። ይትባረክ ሲስቅ ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህች ግን ይስቃል።

ሥራው ብራና ማንበብ ነው። የገዳማቱን መጻሕፍት በፈቃድ ፎቶ ያነሳል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ የደበዘዘውን ፊደል እያጎላ ወደ ኮምፒዩተር ይገለብጣል። ውጭ አገር ያሉ የግዕዝ አጥኚዎች ይወዱታል፤ እሱ ያነበበውን ሌላ ሰው ደግሞ ማየት አያስፈልገውም። ገዳማቱም ለሌላ የማይከፍቱትን ለእሱ ይከፍታሉ፤ የሚከፍቱለት ግን ስለ ችሎታው አይደለም። ደጃፍ ላይ የተቀመጡት መነኩሴ «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል። «የቄሰ ገበዝ ገድሉ» ይላል። በቃ፣ ይገባል። ከስሙ ሌላ መግቢያ የለውም። በዚያ አካባቢ ብራና ሰርቆ የሚያሻግር ሰው ስለማይጠፋ፣ አንድ ቀን «የገድሉ ልጅ ብራና ሸጠ» የሚል ወሬ ቢነሳ፣ እውነትም ይሁን ውሸት፣ ከዚያ በኋላ በጀልባው የሚያሳፍረው እንኳ አይኖርም።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ከሚሠራላቸው አጥኚዎች አንዷ ጻፈችለት። የብራናዎቹ ዝርዝር መጽሐፍ ሆኖ ሊታተም ነው፤ ከስሙ ሥር የራሱ ድረ ገጽ አድራሻ ቢገባ ጥሩ ነው፤ የድረ ገጹም መጠሪያ ሙሉ ስሙ ቢሆን ሰው በቀላሉ ያገኘዋል። ይትባረክ እንደ ልማዱ ደብዳቤውን ገልብጦ መረመረ። «ስሜን ምን ሊያደርጉበት ነው?» አለ። ሴትዮዋ ከስሙ ምንም እንደማትጠቀም ካረጋገጠ በኋላ ግን ደስ አለው። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ሲጠብቁ ኖረው ስማቸው የትም አልተጻፈም። አሁን «ገድሉ» የሚለው ስም ዓለም በሚያየው ቦታ ሊቀመጥ ነው። ደስ እንዳለው ግን ለማንም አልተናገረም።

የድረ ገጽ ስም ከሚሸጥበት ቦታ ገብቶ የራሱንና የአባቱን ስም አያይዞ፣ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርጎ ጻፈ።

ተይዟል አለው።

የተሳሳተ መስሎት እንደገና ጻፈ። ተይዟል። ስሙ ከተወሰደ ዓመታት አልፈዋል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። የያዘው ሰው ማንነት ተሸፍኗል፤ መልእክት የሚያስተላልፍለት አንድ አድራሻ ብቻ ተቀምጧል። ገጹን ራሱን ቢከፍተው ባዶ ነው፤ አንድ ፊደል አልተጻፈበትም።

ባዶነቱ ነው ያስደነገጠው። የሆነ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥራ ቢያይበት «ሞክሼዬ ነው» ብሎ ይተወው ነበር። በሰው ስም ቤት ሠርቶ፣ ቆልፎ፣ በየዓመቱ እየከፈለ ባዶውን የሚያኖር ሰው ግን ለአንድ ቀን የሚጠብቀው ጉዳይ አለው። ይትባረክ ያን ቀን ወለል ብሎ ታየው፤ ገጹ ይከፈታል፣ የእሱ ስም ከላይ ይጻፋል፣ ከሥሩ የሚሸጡ ብራናዎች ይደረደራሉ።

«ቃልዬ፣ ስሜን ሰው ይዞብኛል» አላት ሚስቱን።

«ስምህን? እንዴት አድርጎ?»

አስረዳት። ቃልኪዳን የሥራ ጋውኗን እያጠፈች ሰማችውና «ሞክሼህ ይሆናላ» አለችው።

«የእሱም አባት ገድሉ? ይሁን። ታዲያ ምነው አልሠራበትም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጻፍለትና ጠይቀው። ስሜ ነው፣ ብትለቅልኝ፣ በለው።»

ይትባረክ ሕፃን ልጅ የተናገረ ያህል አያት። በአባቱ አገር በሬ መግዛት የሚፈልግ ሰው ራሱ ሄዶ በሬው ፊት አይቆምም። ሌላ ሰው ያስገባል። የተላከው ሰው የበሬውን ጥርስ አይቶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ ያልፈለገ መስሎ ዋጋ ጠይቆ ይመለሳል። ባለ በሬው እውነተኛውን ፈላጊ ካወቀ ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው። ስምም ከበሬ በምን ይለያል? «ስሜ ነው» ያለ ዕለት ሰውየው ጨርሶ ይይዘዋል።

ስለዚህ ሰው ማስገባት ነበረበት። ግን ማንን? ወንድም የለው፣ ጓደኛ የለው፤ ቢኖረውም አያምነው። ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ ራሱን በሌላ ስም ለመላክ ወሰነ። እዚህ ላይ ደግሞ የቄስ ልጅነቱ መጣ፤ መዋሸት ይከብደዋል። መላ አላጣም። የክርስትና ስሙ ወልደ ሐዋርያት ነው። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ መተተኛ እጅ እንዳይገባ ይጠበቃል። የእሱን የሚያውቁት በሕይወት ካሉት ሰዎች የንስሐ አባቱና አብራው የቆረበችው ሚስቱ ብቻ ናቸው።

«ውሸት አይደለም» አላት ለቃልኪዳን። «በእግዚአብሔር ፊት የምጠራበት ስም ነው።»

«እሱማ ይብሳል» አለችው።

አቶ ወልደ ሐዋርያት የሚባል የአዲስ አበባ ነጋዴ በዚህ ሁኔታ ተወለደ። አዲስ ኢሜይል ተከፈተለት። ስሙን ለያዘው ሰው በጨዋ እንግሊዝኛ፣ ብዙም እንዳልፈለገው ሆኖ፣ ይህን ስም ይሸጡ እንደሆነ ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ መልስ መጣ። መልሱ በአማርኛ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ወልደ ሐዋርያት። ስሙ አይሸጥም።»

ይትባረክ ከወንበሩ ተነሳ። ሀበሻ ነው! ሀበሻ ከሆነ ደግሞ ሩቅ አይደለም። የድረ ገጽ ስም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው፤ በባሕር ዳር እንዲህ ያለ ካርድ የያዘ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ከአጥሩ ማዶ ግን አንድ አለ። ጎረቤቱ ኢንጂነር ክንዱ በውጭ ድርጅት ፕሮጀክት ነው የሚሠራው፤ ሐይቁን የወረረውን እምቦጭ ሲያጠና ይውላል። ይትባረክ አጥሩን ተደግፎ ሰላም አለው። ዓመት ሙሉ ሰላም ብሎት የማያውቅ ሰው ሰላም ሲለው ክንዱ ደነገጠ።

«ኢንጂነር፣ የውጭ ካርድ አለህ አሉ።»

«አዎ፣ አለኝ። ምነው?»

«በሱ ስም ምናምን ይገዛል?»

«የምን ስም?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» አለና ይትባረክ ዓይኑን ፊቱ ላይ ተክሎ ቆየ። ክንዱ ግራ ገባው። ግራ መግባቱን ይትባረክ እንደ ድንጋጤ ቆጠረው፤ ለአንድ ሳምንት ያህልም የሰውየውን መውጫና መግቢያ ሲጠብቅ ሰነበተ። ኢንጂነሩ ጠዋት የጭቃ ቦት ጫማውን አድርጎ ይወጣል፣ ማታ ጭቃውን ይዞ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ የተገኘበት ነገር የለም።

ገብረ ክርስቶስም በሐሳቡ አልፎ ነበር። አልፎ ነበር እንጂ አልቆመም። ገብረ ክርስቶስ የቅኔ ቤት ጓደኛው ነው፤ አብረው ለምነው የበሉ፣ አብረው ዝናብ የመታቸው። ኋላም በከተማው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በሽርክና ከፍተው ነበር። አንድ ቀን የብራናዎቹ ፎቶዎች ያሉበት ሃርድ ዲስክ ጠፋ። ይትባረክ ቤቱ ደንበኛ ሞልቶት ሳለ ጓደኛውን «ቦርሳህን ገልብጥ» አለው። ገለበጠ። አንድ ዳዊት፣ አንድ ሹራብና ሁለት ሎሚ ወጣ። ገብረ ክርስቶስ ሎሚዎቹን ከወለሉ ለቀማቸው፤ ሁሉንም መልሶ ከተተና ወጣ። ቁንዝላ፣ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው የእናቱ አገር ሄዶ ቀረ። ሃርድ ዲስኩ በማግሥቱ ከይትባረክ መሳቢያ ኋላ ወድቆ ተገኘ። ይትባረክ ያን ጊዜ ይቅርታ ሊጠይቅ ይገባው ነበር። «ፈርቶ መልሶት ይሆናል» ብሎ ተወው። አሁንም ስሙን የያዘው ገብረ ክርስቶስ ይሆን ብሎ ሲያስብ «የሚጠላኝ ሰው ለስሜ በየዓመቱ አይከፍልም» አለ፤ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ።

አቶ ወልደ ሐዋርያት እንደገና ጻፈ። አሁን በአማርኛ፣ ትንሽም ጠንከር ብሎ። ባለስሙን አቶ ይትባረክን እንደሚያውቀው፣ ጉዳዩን እንዲፈጽምለትም እንደወከለው ገለጸ። መልሱ በዚያው ዕለት ደረሰ።

«ውድ ወንድሜ፣ ይዋሻሉ። ይትባረክ ገድሉ በሕይወቱ ሰው ወክሎ አያውቅም። ስሙን ከፈለገው ራሱ ይምጣ።»

ይትባረክ ይህን ደጋግሞ አነበበው። ሰውየው ያውቀዋል። የሚያውቀው ደግሞ በስም አይደለም፤ ጠባዩን ያውቃል። «ራሱ ይምጣ» ምን ማለት ነው? የት ነው የሚመጣው? ምን አዘጋጅቶለት ነው? ጠባዩን ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው ማን አለ ብሎ አሰበ። ጥርጣሬው እንደ ልማዱ መንደሩን ዞሮ ዞሮ ቤቱ ገባ። «ሰው ወክለህ አታውቅም፣ ለእኔ እንኳ የመብራት ቢል አትሰጠኝም» እያለች የምትቀልደው ቃልኪዳን ናት።

ቅዳሜ ቃልኪዳን ገበያ ስትሄድ ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታው ወጣች። ይትባረክ አነሳው። መልእክቱን፣ ፎቶውን፣ ኢሜይሉን አንድ በአንድ ሲያይ በሩ ላይ ቆማ አየችው። ዘንቢሏን ረስታ ነበር የተመለሰችው። አልጮኸችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ጨርሰው» አለችው። «ጨርሰህ ስጠኝ።»

«ቃልዬ፣ እንዲያው...»

«የለም፣ ጨርሰው። ግማሽ መንገድ ላይ ብታቆም ማታ እንቅልፍ አይወስድህም።»

ሰጣት። ስልኩን ኪሷ ከተተችው። «ሰው እንዳይሰርቅህ ስትጠነቀቅ ያለህን ራስህ ጨረስኸው» አለችና ዘንቢሏን አንስታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ የሚነገረው ነገር «ምሳ ቀርቧል» እና «ውሃ መጥቷል» ብቻ ሆነ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። ይትባረክ ግን ተናደደ፤ የተናደደውም በራሱ ላይ አይደለም፣ ስሙን በያዘው ሰው ላይ ነው። ቤቴን ያፈረሰብኝ እሱ ነው አለ። ሰውየውን አስደንግጦ ከጉድጓዱ ለማውጣት አሰበና አቶ ወልደ ሐዋርያት የመጨረሻ ደብዳቤውን እንዲጽፍ አደረገ።

«ስሙን ካልሰጡኝ እኔ ሌላ መንገድ አላጣም። በይትባረክ ገድሉ ስም ገጽ ከፍቼ የፈለግሁትን ብራና እሸጥበታለሁ። ገዳማቱ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያደርጉት እርስዎ ያውቃሉ። የሚደርስበት ሁሉ በእርስዎ ምክንያት ነው።»

ሲጽፈው አላመነታም። ልኮ ሲያበቃ ግን ደግሞ አነበበውና፣ ይህን የመሰለ ነገር ስለ እሱ ሌላ ሰው ቢጽፍ ምን ይሰማው እንደነበር አሰበ። መልስ ጠበቀ። ለተከታታይ ቀናት ምንም አልመጣም።

እሮብ ዕለት ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ይትባረክ በቀዳዳው አጮለቀ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ አጭር ሰው ባርኔጣውን እያራገፈ ቆሟል። ገብረ ክርስቶስ ነው።

ይትባረክ መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «ብድር ፈልጎ ነው» የሚል ነበር።

«እንደምን ሰነበትህ ይትባረክ» አለው ገብረ ክርስቶስ በሩ ሲከፈት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እግር ጣለህ?»

ገብረ ክርስቶስ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቃልኪዳን የሥራ ተራዋ ከሰዓት ስለነበር ቤት ነበረች፤ እጁን አስታጥባ ሽሮ አቀረበችለት። አንድ ጊዜ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ።

«ላስቸግርህ አይደለም የመጣሁት» አለ። «የማስጠነቅቅህ ነገር አለ። አንድ ሰው ስምህን ሊነጥቅህ ተነስቷል። አዲስ አበባ ነው ያለው መሰለኝ። ወልደ ሐዋርያት ይባላል።»

ቃልኪዳን ማሰሮዋን ይዛ ቀጥ አለች። ባሏን አየችው። ይትባረክ ትሪውን አየ።

ገብረ ክርስቶስ ቀጠለ። «ያኔ፣ ሱቁን እንደከፈትን፣ አንድ ቀን ድረ ገጽ እንሠራለን ስንባባል ታስታውሳለህ? እኔ የሁለታችንንም ስም በአንድ ቀን አስገዛሁ። ሠርቼ ላስደንቅህ ብዬ አልነገርሁህም። ከዚያ ያው፣ የሆነው ሆነ። የእኔን ተውሁት፤ ቁንዝላ ጀልባ መቆሚያ ላይ ፎቶ ኮፒ ለሚያነሳ ሰው ድረ ገጽ ምን ያደርግለታል! ያንተን ግን ብለቀው ሌላ ያነሳዋል ብዬ ፈራሁ። አንተ ከስምህ በቀር ምን አለህ? በየዓመቱ ካርድ ያለው ሰው እየለመንሁ አሳደስሁት። አንድ ጊዜማ በጀልባ የመጣ ፈረንጅ ነው የከፈለልኝ፤ ዓሣ ጠብሼ አብልቼው።»

ሳቀ። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አልህ?» አለው ይትባረክ።

«ሽማግሌ ትልካለህ ብዬ ነዋ። የበደልኸኝ አንተ፣ የምመጣው እኔ? ሽማግሌ ሲመጣ፣ ስንታረቅ፣ ከእርቁ ጋር እሰጠዋለሁ እያልሁ ጠበቅሁህ። አልላክህም። እኔም ኮራሁ። ደግሞ እኮ ከሰሞኑ ሰውየው መጻፍ ሲጀምር ምናልባት ይትባረክ ስሙን ፈልጎ ይሆናል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ነው ሌባ መሆኑን ያወቅሁት። ባለፈው የጻፈውን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ለእኔ ኩራት ብዬ አንተን ላስበላህ? መኪና ተሳፍሬ መጣሁ።»

ገብረ ክርስቶስ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበና የሚነካካውን ነካካ፤ ስሙን ከራሱ ወደ ባለቤቱ አዞረው። ክስና ጉቦ፣ ሕግና ዳኛ ያስፈልገዋል ብሎ ይትባረክ የሰጋበት ነገር አንድ ሻይ ተጠጥቶ የሚያልቅበት ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

«በል፣ ያንተ ነው» አለ ገብረ ክርስቶስ ባርኔጣውን እያነሳ። «ለመሆኑ ሰውየውን ታውቀዋለህ እንዴ? እሱ ያወቀህ ይመስላል።»

ቃልኪዳን አሁንም ቆማለች።

«አላውቀውም» አለ ይትባረክ።

ቃልኪዳን ማሰሮዋን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ይትባረክ እንግዳውን እስከ በር ሸኘው። ገብረ ክርስቶስ ስለ ሃርድ ዲስኩ አላነሳም፤ ስለ ቦርሳው አላነሳም። «ሰው ከጻፈልህ ቶሎ አትመልስ፣ መጀመሪያ አጣራ» ብሎ መከረው። ይትባረክን ተጠንቀቅ ብሎ የሚመክር ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ተመልሶ ሲገባ ቃልኪዳን ልብስ ለብሳ ለሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ተገናኙ።

«ሸኘኸው?»

«ሸኘሁት።»

«እኔ ፊት እንኳ ዋሸኸው» አለችና አለፈችው።

ተቀምጦ ስሙን አየ። የእሱ ሆኗል። የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል፤ የአባቱን ስም፣ የብራናዎቹን ዝርዝር፣ ሁሉን። ደስ ሊለው ሲገባ ደስ አላለውም። የአቶ ወልደ ሐዋርያትን ኢሜይል ሊዘጋው ከፈተ። አንድ አዲስ ደብዳቤ ነበረው። ከገብረ ክርስቶስ ነው፤ መንገድ ላይ በስልኩ የጻፈው ይመስላል፣ ቃላቱ ተጋጭተዋል።

«አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ስሙን ለባለቤቱ አስረክቤያለሁ። ከእንግዲህ ቢጽፉልኝም የምሰጥዎት ነገር የለም። አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። ሰውየውን ይተዉት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማመን ያቃተው ሰው ነው። ዛሬ ቤቱ ሄጄ አየሁት፣ ከስቷል፤ ከሚስቱም ጋር ደህና አልመሰሉኝም። ወዳጅ የለውም። የሚከራከርለት ሰው የለም፤ እኔም ሩቅ ነኝ። እርስዎም እናት ይኖርዎታል። በእናትዎ ይዤዎታለሁ፣ ተዉት።»

ይትባረክ ደብዳቤውን ሁለተኛ ጊዜ ማንበብ አልቻለም። ተነስቶ ወጣ። በሩን ይቆልፈው አይቆልፈው ትዝ አላለውም። ባጃጅ አስቁሞ «መናኸሪያ፣ ቶሎ በለው» አለ፤ ዋጋም አልተከራከረም።

የቁንዝላው መኪና ሰው እስኪሞላ ቆሟል። ገብረ ክርስቶስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል። ይትባረክን ሲያይ ዳቦውን አወረደ።

«ምነው? ሰውየው መጣ እንዴ?»

ይትባረክ በመስኮቱ ሥር ቆመ። ትንፋሹ ተቆራርጧል። «ወልደ ሐዋርያት እኔ ነኝ» አለው።

ገብረ ክርስቶስ ሳቀ። «ተው እንጂ፣ አሁን ቀልድ...»

«የክርስትና ስሜ ነው። ደብዳቤዎቹን ሁሉ የጻፍኋቸው እኔ ነኝ። ስሜን የያዘውን ሰው ለማወጣጣት ብዬ ነው።»

የገብረ ክርስቶስ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ። ይትባረክ ይህን ሰው በርሃብም በብርድም አይቶታል፤ ሲቆጣ ግን አይቶት አያውቅም። አሁን አየው።

«ዛቻውንም?»

«ዛቻውንም።»

«በራስህ ላይ?»

«በራሴ ላይ።»

«ቅድም አላውቀውም ያልኸኝስ?»

ይትባረክ አንገቱን ደፋ። ረዳቱ «ቁንዝላ! አንድ ሰው የቀረ! ቁንዝላ!» እያለ ይጮሃል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ገብረ ክርስቶስ ፊቱን ወደ መኪናው ውስጥ መልሶ ቆየና እንደገና ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ታዲያ ዛሬ በእናትዎ ብዬ የለመንሁት አንተን ነው?»

«እኔን ነው። አነበብሁት። ለእሱ ነው ሮጬ የመጣሁት።»

«እና ትተወዋለህ?»

«ማንን?»

«ሰውየውን ነዋ» አለ ገብረ ክርስቶስ። «ይትባረክን። ተውልኝ ብዬ ለምኜህ የለም?»

ይትባረክ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ለቅሶ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ዕቃ ተሸካሚው፣ ሎተሪ ሻጩ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየው፣ ፊቱን እንኳ ሳይሸፍን አለቀሰ። ገብረ ክርስቶስ እጁን በመስኮቱ አውጥቶ ትከሻውን ያዘው፤ መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስም አልለቀቀውም።